ከብስኩቱ ጋር አብረን ያስወጣናት ተብለጽ

"አስወጥቻታለሁ! ማንም መልሶ እንዳያስገባት!"

ይህን በድምፅ የላከችው ሰብለወንጌል ናት... የዋትሳፕ ግሩፓችን አድሚን።

ግሩፑ ውስጥ መቶ ምናምን ሴቶች አለን። ሁላችንም ሮም ነው የምንኖረው። አብዛኞቻችን ባዳንቴ ነን፤ የጣሊያን አሮጊትና ሽማግሌ እየጦርን ነው እንጀራችንን የምንበላው።

የተባረረችው ደግሞ ተብለጽ ናት።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ?

ብስኩት!

ነገሩ እንዲህ ነው...

በሁዳዴ ከሻይ ጋር የምንበላው አንድ ብስኩት ነበረን። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ያገኘችልንም ራሷ ተብለጽ ናት።

ሰብለወንጌል አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖራለች። አፏን ከከፈተች ጣሊያን ናት፤ ማንበብ ላይ ግን... ተዉት። ብዙዎቻችን እንደዛው ነን።

ስለዚህ ሱፐርማርኬት ገብተን የዕቃውን ጀርባ ፎቶ እናነሳና ግሩፑ ላይ እንለጥፋለን። ተብለጽ አንብባ ትመልሳለች።

"የጾም ነው።"

"አይሆንም፣ ወተት አለው።"

በቃ፣ ክርክር የለም።

ታዲያ ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ትንሽ ቀን ሲቀረው የብስኩቱ ድርጅት ፓኬቱ ላይ አዲስ ፎቶ አወጣ። ኖራ የምትባል፣ በቴሌቪዥን ምግብ የምታበስል ሴት ናት። ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና የምትኖር... ትራንስጀንደር የሚሏት።

አገሩ ታመሰ። ግማሹ ጣሊያን "ሁለተኛ አንገዛም" አለ፤ ሌላው ደግሞ በእልህ ሁለት ሁለት ገዛ።

እኛ ጋ ግን ማን ይከራከራል?

"ይሄን ብስኩት ቤቷ የምታስገባ ክርስቲያን እንዳላይ! ሌላ አግኝቻለሁ፣ ይኸው" አለች ሰብለወንጌል። የሌላ ብስኩት ፎቶም ለጠፈች።

የለጠፈችው ፊቱን ነው። የስንዴ ዛላ ብቻ ያለበት ፓኬት።

አውራ ጣት ዘነበላት። የኔም አለበት፤ አልዋሽም።

ተብለጽ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች...

"እህቶቼ፣ አለመግዛት መብታችሁ ነው። ግን እኔ እዛ ፋብሪካ ማሸጊያው ላይ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ደግሞ በሱ ነው የሚታደሰው። ሥራ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ የሚቀንሱት እኛን ነው።"

"ሥራ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው!" አለች ሰብለወንጌል።

"አሜን። ደሞ ሴትዮዋን አይቻታለሁ። ለፎቶ መጥታ ከኛ ጋር ቁጭ ብላ ምሳ በላች። ስሜን ጠይቃ አስተካክላ ጠራችኝ። አለቃዬ፣ ካፖው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልቻለውን።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው።

"ጭራሽ ለሷ ጥብቅና ቆመሽ? አስወጥቻታለሁ! ሁላችሁም ብሎክ አድርጓት!"

አሎራ... እንግዲህ ሁዳዴ ገባ።

አዲሱን ብስኩት በላን። እውነት ለመናገር ከድሮው ይጥማል። ለምን እንደጣመን ያኔ መጠርጠር ነበረብን!

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሰብለወንጌል ለምትጦራቸው ለሲኞራ ኤልዳ ብስኩቱን ከሻይ ጋር አቀረበችላቸው። ሲኞራ ወተት አይስማማቸውም።

"ይብሉ ሲኞራ፣ የጾም ነው፣ ምንም የለውም።"

ብዙም ሳይቆይ ሆዳቸው ይጮህ ጀመር። መነጽራቸውን አደረጉና ፓኬቱን ገልብጠው አነበቡ።

"ሰብለ... ይሄ እኮ ወተት አለው። ቅቤም አለው። አንቺ ስንት ቀን በላሽው?"

አምስት ሳምንት!

ሃይማኖታችንን እናስከብር ብለን፣ መቶ ምናምን ሆነን፣ ሁዳዴን ስንገድፍ ከረምን። ጉድ እኮ ነው!

ሰብለወንጌል እያለቀሰች ንስሐ አባቷ ጋ ደወለች።

"ባለማወቅ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት አባ ኪዳነ። ከዛ ግን ጠየቋት። "ያቺ የምታነብላችሁ ልጅ የት ሄዳ ነው?"

"አስወጣናት፣ አባ።"

"ለምን?"

ነገረቻቸው። አባም እንዲህ አሏት።

"በይ መጀመሪያ ሄደሽ እሷን ይቅርታ ጠይቂ። የቀረውን ከዛ በኋላ እናወራለን።"

ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ ተብለጽ አልጋ የተከራየችበት ቤት አብሬያት ሄድኩ። ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ሥራ ላይ መሆን ነበረባት። በሩን የከፈተችልን ግን በፒጃማ ነው።

ኮንትራቷ አልታደሰም።

ሰብለወንጌል እግሯ ላይ ወደቀች።

"ተብለጽዬ፣ ይቅር በይኝ! ሰው ሁሉ አስገደፍኩ፤ ያ ብስኩት..."

"አውቃለሁ። ተነሺ በናትሽ" አለች ተብለጽ።

"እንዴት አወቅሽ?"

ተብለጽ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ሁዳዴ የገባ ሰኞ የላከችው መልእክት ነው። የአዲሱ ብስኩት ጀርባ ፎቶ፣ ወተት የሚለው በቀይ ተከቦ...

"ሰብልዬ፣ ብትቀየሚኝም ግድ የለም፤ ይሄኛው የጾም አይደለም። ለእህቶቻችን ንገሪልኝ።"

አልደረሰም። ብሎክ ተደርጋለቻ!

በየሰኞው ልካለች። የመጨረሻውን የላከችው ከሥራ በወጣች ማግስት ነው።

ሰብለወንጌልን ታዝቤ ሳልጨርስ ተብለጽ ወደኔ ዞረች።

"ላንቺም ልኬ ነበር" አለችኝ።

እኔም ብሎክ አድርጌያት ነበር። የምገባበት ጠፋኝ።

ቤተሰብ... ማንን ደግፉ ማንን ተቃወሙ አልልም። ያልፈለጋችሁትን አትግዙ፣ ኪሳችሁ ነው። ግን እኛ ፓኬቱ ላይ ያለችውን እንቀጣለን ብለን የቀጣነው ፓኬቱን የምታሽገዋን እህታችንን ነው። ኖራ እንደሆነች አሁንም ቴሌቪዥን ላይ ምግቧን እያበሰለች ነው።

ተብለጽ ግሩፑ ላይ ተመልሳለች። ፔርሜሶዋ ግን እስከ ሰኔ ብቻ ነው ያለው። ሰብለወንጌል በየሲኞራው ቤት እየደወለች ሥራ እያፈላለገችላት ነው፤ እስካሁን አልተገኘም።

ትምህርቱ አጭር ነው... ሰውን ከመዝጋታችሁ በፊት የሚላችሁን እስከ መጨረሻው ስሙት።

እስቲ እናንተ ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ... ብሎክ ያደረጋችሁት ሰው እስካሁን ምን ብሎ ልኮላችሁ ይሆን?