የማብቂያው ቀን

በዚያ ዘመን በሽተኛን ቤት ውስጥ ማስታመም የሚችለው የፕሮጀክት ሥራ አመራር ፈተናን ያለፈ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ፈቃድ ከሌለበት ቤት መኪና መጥቶ በሽተኛውን ወደ ማስታመሚያ ማዕከል ይወስደዋል።

የደሴዋ ልብስ ሰፊ አስካለ ባሏን መኩሪያን ላለማስወሰድ ክረምቱን ሙሉ አጠናች። የፈተናውን ጥያቄ የሚጠይቃት ራሱ በሽተኛው ነበር።

«ስጋት ምንድን ነው?» ይላታል ከአልጋው ላይ።

«ሊደርስም ላይደርስም የሚችል፣ ከደረሰ ግን ሥራውን የሚነካ ነገር» ትላለች ጀርባውን በእርጥብ ፎጣ እያበሰች። ድሮ ስታጥበው የሰፈሩን ወሬ ታወራለት ነበር። አሁን ወሬያቸው ይኸው ብቻ ሆነ።

በፈተናው ቀን ፀጉሯ የሸበተ ፈታኝ ጠየቀቻት። አስካለ ባለድርሻ አካላትንም የሥራ ወሰንንም ሳትሳሳት አብራራች።

«ፕሮጀክትስ?»

«መነሻና ማብቂያ ያለው ጊዜያዊ ሥራ።»

«ጥሩ። የእርስዎ ፕሮጀክት መቼ ያበቃል? ቀኑን ይንገሩኝ።»

አስካለ የመኩሪያ ሐኪም ስንት ወር እንደቀረው ነግሯታል።

«ቀን አልቆርጥለትም» አለች።

ፈታኟ ከወረቀቷ ቀና አለች። «ማብቂያ ከሌለው ፕሮጀክት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «መደበኛ ሥራ ነው። ለመደበኛ ሥራ ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም። እንዲሁ ብዬ እመዘግባለሁ፤ ይሂዱ።»

ቤት ስትገባ መኩሪያ ቀና አለ። «አለፍሽ?»

«አላለፍኩም። ግን ማንም አይወስድህም።»

«ምን ብለሻቸው ነው?»

እጁን ይዛ ነገረችው። መኩሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጇን ግን አልለቀቀም።