የብሩሹ ድምፅ

በዚያ ዘመን ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የቤቱን ወሬ ለመንግሥት የሚያደርስ ጥርስ ይተከልለት ነበር። ሶልያና ከተተከለላት ወዲህ እናቷ የውብዳርና አባቷ የልባቸውን የሚነጋገሩት እሷ ጥርሷን ስትቦርሽ ብቻ ሆነ፤ የብሩሹ ድምፅ ቃላቸውን ይሸፍንላቸዋል። ልጅቷ ደከመኝ ስትል የውብዳር፣ «ትንሽ ጨምሪ፣ የኔ ቆንጆ» እያለች ትለማመጣታለች።

በዓመታዊው ምርመራ ሐኪሙ የሶልያናን አፍ አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ድዷ ተልጦ ይደማል። ለምን ይህን ያህል ትቦርሻለች?»

«ንጽሕና ትወዳለች፣ ዶክተር» አለች የውብዳር።

«ከዛሬ ጀምሮ በስሱ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሁን።»

ሶልያና ደንግጣ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ታዲያ አንቺና አባዬ መቼ ልታወሩ ነው?»

የውብዳር የልጇን አፍ ለመያዝ እጇን ሰደደች፤ ቃሉ ግን ቀድሟት ወጥቷል። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እሱ ለማንም ባይናገርም የሶልያና ጥርስ ሰምቷል።