አርብ አርብ ስልክ የሚያነሳው አምባሳደር

"እናቴ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው። እዚያ አገር አርብ ቢሮ ዝግ ነው…" አላቸው ሚልክያስ።

"አንዴ ብቻ ደውልልኝ ልጄ!" አሉት እማማ አዛለች።

ሚልክያስ ሶዶ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። እማማ አዛለች ደግሞ ከቦዲቲ በሚኒባስ ነው የመጡት።

ልጃቸው ሰገነት አረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ድምጿ ከጠፋ ግን ስምንት ወር…

ሚልክያስ እዚያ አገር ወዳለው ኤምባሲያችን ደወለ። አይነሳም።

ደገመ… ሠለሰ…

በስድስተኛው አንድ ሰው "ሃሎ" አለ።

እማማ ስልኩን ተቀበሉ። አማርኛው ጠፋባቸው። በወላይትኛ ማልቀስ ጀመሩ።

ሰውዬውም በወላይትኛ መለሰላቸው!

"አይዞዎት እናቴ። ጩማ እባላለሁ፣ የአረካ ልጅ ነኝ። ፎቶዋንና የፓስፖርቷን ኮፒ ይላኩልኝ። አርብ አርብ በዚህ ሰዓት ይደውሉ፣ እኔ አነሳለሁ።"

"አምባሳደሩ እርስዎ ነዎት?"



"ብቻ መደወሉን አይተዉ እናቴ።"

አልተዉም።

"አምባሳደር ለአንቺ ስልክ ያነሳል?" እያሉ ጎረቤቶች ሳቁባቸው። እሳቸው ግን አርብ በመጣ ቁጥር ሶዶ ናቸው።

"ዛሬም አላገኘኋትም። እየጠየቅኩ ነው" ይላቸዋል ጩማ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ራሱ ደወለ።

"ተገኘች!"

ከወር በኋላ ሰገነት ቦዲቲ ገባች። ከስታለች… ግን በሕይወት አለች።

እናት ልጃቸውን አገላብጠው ስመው፣ "አምባሳደሩን አመስግነሽልኛል?" አሉ።

"እማ… ጩማ አምባሳደር አይደለም። የኤምባሲው ዘበኛ ነው።"

"ምን?"

"ፎቶዬን በስልኩ ይዞ፣ ፓስፖርት ሊያሳድሱ የሚሰለፉትን ሴቶች በር ላይ አንድ በአንድ ይጠይቅ ነበር። አንዷ 'ይቺ ልጅ እኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ናት፣ በር ይቆለፍባታል' አለችው። ለኃላፊዎቹ ነገራቸው። እነሱ ከፖሊስ ጋር መጥተው አወጡኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ዘበኛ ነኝ ብላቸው ተስፋ ይቆርጡብኛል ብዬ ፈራሁ' አለኝ።"



"እውነቱን ነው" አሉ እማማ አዛለች። "ዘበኛ መሆኑን ባውቅ ድጋሚ አልደውልም ነበር።"

ወዳጆቼ… የጩማ ሥራ በር መጠበቅ ነው። ዝግ ቢሮ ውስጥ የሚጮኸውን ስልክ ሰምቶ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ለሰው ለመድረስ ሹመት አያስፈልግም። እኛም ብንሆን የሰውን አቅም በወንበሩ መለካት እናቁም።

እናንተስ… "የኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ማለፍ ሲችል የደረሰላችሁ ሰው አለ? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉለት፣ እናንብበው።