የካቦው የልዩነት ሐሳብ

«ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበብ» አለ እንዳላማው፤ የተዘረጋለትን እስክሪብቶ አልተቀበለም።

ኢንጂነር ፍሥሐ የሞተሩን ቁልፍ ጣቱ ላይ አሽከረከረ። «ካቦ፣ ፎርማሊቲ እኮ ነው። ፈርምና ልሂድበት።» በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ ነው የሚለው።

ፎርማሊቲ! ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ደጀን ላይ ያስፈረመው ልጅም ያላት ይቺኑ ቃል ነበር። ሳያነብ ፈረመ። በሳምንቱ ያችው ወረቀት የሌላውን ጥፋት በሱ ስም ተሸክማ መጥታ ከሥራ አስወጣችው። አቤት ቢል «አንተ ስምንተኛ ክፍል፣ ስለ ወረቀት ምን ታውቃለህ?» ተባለ። ደብተር ከኪሱ የማይጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የተሠራውን፣ ያዘዘውን፣ የቀረውን ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጽፋል፤ ለሠራተኞቹም አንብቦ «የተሳሳተ አለ?» ይላል። የተማሩት ይሥቁበታል። ይሣቁ።

ከኋላቸው አዲሱ የመንደሩ የውኃ ገንዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቆሟል። ጥፋቱ በስሙ ከተጻፈ ከእንግዲህ በዚህ አገር ካቦ የሚለው ሰው የለም። ሠራተኞቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«አንብባት እንጂ ልጄ፣ ለኛም እኮ ጆሮ ሰጥቶናል» አለች የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ የብርጓል።

ፍሥሐ ቃለ ጉባኤውን እየቸኮለ አነበበ። «...ገንዳው የተሰነጠቀው አርማታው በተሞላ በሦስተኛው ቀን፣ ሳይጠና ሳንቃው በመነቀሉ ነው። ይህንንም ያደረገው ካቦ እንዳላማው ሲሆን፣ የካቲት 16 ቀን የመንደሩን ሠራተኞች አሰማርቶ...»

«ስንት ቀን?» አለ እንዳላማው።

«ዐሥራ ስድስት።»

ሰው ተያየ። መጀመሪያ የሣቀችው የብርጓል ናት። «የኪዳነ ምሕረት ለት? በደብራችን ንግሥ? ወይ ጉድ! እኔስ ያን ቀን ያየሁት ታቦቷ ፊት ዱላ ይዞ ሲዘል ነው፤ መዶሻም አልያዘ!»

ሣቁ ከድንጋይ ድንጋይ ዞረ። እንዳላማው አልሣቀም።

«ሰው ፊት ይነበባል ስላላልህ ቀኑን እውነት ጻፍህ፤ ሰውየውን ብቻ ለወጥህ» አለ። «መንደሩ ንግሥ ወጥቶ ባዶ መሆኑን ዐውቀህ፣ ከደምበጫ በአይሱዙ ሰው ጭነህ መጥተህ አስነቀልህ። በማግስቱ ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ ያለቀ ገንዳ ፎቶ ማንሣት አለባቸው። ዘበኛው የኔአለም ቆሞ አይቷል። ከንግሥ ስመለስ ነገረኝ፤ ጻፍሁት፤ አውራ ጣቱን አሳርፎበታል።»

«እውነቱን ነው» አለ የኔአለም ካፖርቱን እየሰበሰበ። «ተዉ ብያቸውም ነበር።»

የፍሥሐ ፊት ጠቆረ። «በቃ፣ የቀን ስሕተት ነው። 17 እናደርገዋለን።» ሊሰርዝ ጎንበስ ሲል እንዳላማው በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ መዳፉን ወረቀቱ ላይ ዘረጋበት።

«አይሰረዝም! እኔም እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን የልዩነት ሐሳቤን እጽፋለሁ።»

«አንተ? ይሄ እኮ ዞን የሚሄድ ሰነድ ነው! ደግሞስ የት ላይ? የቀረችው ሁለት መስመር ናት።»

«እስክሪብቶውን ወዲህ በል።»

ተቀበለና ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ መጻፍ ጀመረ። ፊደሉ ትልልቅ፣ ጠማማ፣ ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰ ነው። ፍሥሐ ሞተሩን አስነሣ፤ መልሶ አጠፋው። ወረቀቱን ጥሎ የት ይሄዳል?

«ቀስ በል አያ እንዳላማው» አለች የብርጓል። «የሚያስቸኩልህ የለም።»

ሁለቱ መስመር አለቀ። እንዳላማው ወረቀቱን ገለበጠና ከአናቱ ጀመረ።