የተሰበረው ቀይ መስመር

መፍቻው ሳይከብዳት ዞረ፤ ልጅቱም ደነገጠች። የቴስታታ ብሎን፣ ያ የሞተሩን ከባድ ራስ ከሥሩ ጋር ጠፍሮ የሚይዘው ብሎን፣ አንዴ ከጠበቀ በኋላ እንዲህ በዋዛ መዞር አልነበረበትም። መፍቻዋ የጥብቀቱ ልክ ሲሞላ ቀጭ የሚል ነው። ይኼኛው ብሎን ግን ሩብ ዙር ያህል እሺ ብሎ ሄዶላት ነው ቀጭ ያለው።

ቀና ብላ ወደ ቤቱ አየች። በወጥ ቤቱ መስኮት የእናቷ ድምፅ ይሰማል። "ሰውዬ፣ ኧረ በደንብ ታጠብ! ፎጣዬ ጥፋቱ ምንድን ነው?" አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ!

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ ነው። አምና ታሞ ቀኝ እጁ ሲሰንፍበት ጋራዡን ዘጋ። እቤት ውሎ ግድግዳ ማየት ሲሰለቸው ግን ግቢው ውስጥ የቆመችውን አሮጌ መኪናውን ሞተር በትኖ ቁጭ አለ። "ማንም እንዳይነካት፤ የኔ እጅ ገና አልሞተም" አለ። ልጁም መካኒክ ናት፣ ሙያውን የቀዳችው ከሱው ነው፤ ለዚህ ሥራ የፈቀደላት ግን ዕቃ ማቀበልና ከባድ ከባዱን ማንሳት ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቴስታታውን አብረው ተሸክመው ቦታው ላይ አስቀመጡት። ብሎኖቹን ግን እሱ ብቻውን፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እስኪል አጠበቃቸው። መፍቻዋን ብታቀብለው አልተቀበላትም።

"እሱን ለናንተ ለዘመነኞቹ። የኔ ልክ ክንዴ ነው።"

ከዚያ እንደ ልማዱ ቀለሙን አወጣ። ብሎን ካጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ ላይ ተነስቶ ሞተሩ ብረት ላይ የሚያርፍ ቀጭን ቀይ መስመር ያሰምርበታል፤ ብሎኑ ከላላ ወይም ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል። ቀለሙ የእናቷ የጥፍር ቀለም ነው። "ለኔ ጥፍር ሲሆን ውድ ነው፣ ለሞተር ሲሆን ግን እጁ ይፈታል" እያለች ታሾፍበታለች። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበረው። ያጠበቀው ሰው ራሱ ነው የሚቀባው። ሌላው ባጠበቀው ላይ ቀለም የቀባ ሠራተኛ የዚያን ቀን ጉዱ ፈላ።

አሁን አባቷ ምሳውን ሊቀማምስ ገብቷል። "አንዷን ብቻ ልያት" ብላ ነበር የጀመረችው። ሁለተኛዋንም ሞከረች፤ ላልታለች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ሞተሩ በዚህ አኳኋን ቢነሳ ውሃው ከዘይቱ ተደባልቆ የሰውየው ድካም ገደል መግባቱ ነው። አንዱን አጥብቆ ሌላውን መተው ደግሞ አይሆንም፤ ቴስታታው እኩል ካልተጫነ ይጎብጣል። ስለዚህ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ ከመሃል ወደ ዳር እያለች፣ ሁሉንም ቀጭ ቀጭ አደረገቻቸው። ደስም ብሏት ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ አባዬም ምንም አያውቅም፣ ሥራው የሱ ሆኖ ይቀራል ብላ።

መፍቻዋን ከማስቀመጧ አባቷ አፉን እየጠረገ ወጣ። የላይኛውን ሽፋን በግራ ብብቱ ይዟል።

"ነይ፣ ይችን እንክደንና ድምጿን እንስማ!"

ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ዓይኑን ተከትላ አየች። ቀያዮቹ መስመሮች አንድም ሳይቀሩ ተሰብረዋል። ብሎኑ ላይ ያለው ግማሽ ወዲያ፣ ብረቱ ላይ ያለው ግማሽ ወዲህ። የቀለሙ ጠርሙስ ክንዷ ሥር ነው። ጠርጋ ልትቀባው ትችል ነበር፤ በጥድፊያዋ ትዝም አላላት።

"ሁሉም?" አለ በመጨረሻ።

"ትንሽ ትንሽ ነው እኮ አባዬ። እንዲያው ለማረጋገጥ ብዬ..."

"ሁሉም ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ሁሉም።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት። ጨርቅ በነዳጅ ነክሮ መስመሮቹን አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ጠርሙሱን ከፍቶ ብሩሿን ስቦ አወጣና ወደ እሷ ዘረጋት።

"ያጠበቀ ነው የሚቀባው።"

"አባዬ፣ አንተ ቀባው። በናትህ።"

"ያላጠበቅኩትን?"

ተቀብላ ቀባች። የሱ መስመሮች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስሉ ነበር፤ የሷ ዓይኗ እንባ ስላቀረረ ተንጋደዱ። ጠዋት መፍቻዋን አልቀበልም ሲላት "እንግዲያው አብረን እንሳበው" ብትለው ምን ነበረበት? አንድ እጅ የሱ፣ አንድ እጅ የሷ። እምቢ ቢላት እንኳ ፊት ለፊት ተጨቃጭቀው ይወጣላቸው ነበር። እሷ ግን ዞር እስኪልላት ጠበቀች፤ ይህ ነው የቆጫት።

የቀረውን ያለ ወሬ ገጠሙ። ውሃና ዘይቱን ሞሉ። የመኪናውን ቁልፍ ስትሰጠው "አንቺ አስነሺው" ብሎ ከኮፈኑ አጠገብ ቆመ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። አንዳች ኮሽታ የለበትም፤ ልስልስ ያለ ድምፅ ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት ብርግድ አለና እናቷ ግማሽ ጎኗ እስኪወጣ ብቅ አለች።

"እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! እጅህ ይባረክ!"

ልጅቱ መሪውን እንደያዘች በፊት መስታወቱ አየችው። አባቷ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።