የጋዜጣ ግድግዳ

በፓሪስ ዓመፅ ወቅት አንድ አብዮተኛ ማንም ያልገዛውን ጋዜጣውን በሙጫ ደራርቦ፣ በሰፈሩ መግቢያ ላይ ጥይት የማያሳልፍ ግድግዳ ሠራ።

«አቶ አብዮተኛ፣ ያላነበብነው ጋዜጣዎ ሊያድነን ነው?» ብላ ሳቀችበት ልብስ አጣቢዋ ክሎቲልድ።

የመንግሥት ወታደሮች በጓሮ በኩል ገብተው ከግድግዳው ጀርባ የነበሩትን ሁሉ ያዟቸው። መኮንኑ ግድግዳውን በጡጫው እየደበደበ፣ «እውነት ጥይት አያሳልፍም?» ሲል ጠየቀ።

እስከዚያ ቀን አብዮተኛውን ስለ ፈጠራው ከልብ የጠየቀው አልነበረም። የፊጥኝ እንደታሰረ ፊቱ በራ።

«በቅርብ ቢተኮስ እንኳ አንዲት ጥይት አታልፍም፣ ጌታዬ» አለ፣ ለጌቶች አልንበረከክም እያለ የኖረው ሰው።

«ጥሩ፤ ከኋላው ፈረሶቻችን አሉ» አለና መኮንኑ እስረኞቹን ከግድግዳው ፊት አሰለፋቸው። ክሎቲልድ ከአብዮተኛው ጎን ቆመች።

ተኩሱ ሲያበቃ ከፈረሶቹ አንዱም አልቆሰለም።