የተኳረፉ ጫማዎች

ሐያሲው ፊልም የሚያየው የሠሪዎቹን ስም ሳያይ ነው። ስም ካየ ወይ ያዳላል ወይ ይጨክናል፤ ይህን አመሉን ያውቀዋል። ስለዚህ ከጋዜጣው የሚላክለትን የዲቪዲ ካርቶን ሁሉ ሚስቱ በቡናማ ወረቀት ሸፍና ትሰጠዋለች። የመግቢያው ሙዚቃ ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ስሞቹ ሲያልፉ "ግለጥ" ትለዋለች። ጓደኞቹ ይስቁበታል። እሱ ግን ዓምዴ የተከበረው በዚህ ነው ባይ ነው።

ያን ሰሞን የመጣለት ገና ገበያ ላይ ያልዋለ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ዓለም ካለቀች በኋላ ያለውን ኑሮ የሚያሳይ። በሽታ ሰውን ጠራርጎ ወስዶ ከተማው ወና ሆኗል። ሱቆቹ እንደተከፈቱ፣ መኪኖቹ እንደቆሙ ቀርተዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተረፈችው አንዲት ትንሽ ልጅ ናት።

ሐያሲው እንዲህ ያለ ነገር አይጥመውም። ዓለምን ማጥፋትማ ማንም ያጠፋል፣ ከባዱ አንድ ቤት ማቆም ነው እያለ ያሾፋል። የጋዜጣው አዘጋጅ ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል፣ እስከ መጨረሻው ሳታይ እንዳትጽፍ ብሎ በስልክ አስጠነቀቀው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ሚስቱ ለወትሮው "ግለጥ" ካለችው በኋላ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። በዚህኛው ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምነው ቢላት፣ ደክሞኝ ነው አለችው።

አላመናትም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የት እንደምታመሽ ሳትነግረው ወራት አልፈዋል። ስልክ ሲደወልላት ጓሮ ትወጣለች። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል "ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ብቻ ነው" ስትል ጆሮው ጥልቅ አለ። ጠይቋት አያውቅም። ቢጠይቃት እንደማትዋሸው ያውቃል፤ የፈራውም እሱን ነው።

ባልና ሚስቱ በቅጡ መነጋገር ያቆሙት ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ነው። እሱ ስሟ በቤቱ እንዳይነሣ ከለከለ። ፎቶዎቿን አወረደ፤ ክፍሏን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሚስቱ አንድ ሁለቴ፣ ስለ እሷ ትንሽ እናውራ ብላ ለመነችው። እምቢ አላት፤ እሷም ተወችው። ያም ሆኖ ይወዳታል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ካጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ አይፈልግም።

ሦስተኛው ዲቪዲ ላይ ልጅቷ ሰው የሌለበት ጫማ ቤት ትገባለች። ቀይ ጫማ መርጣ ግራውን ለቀኝ፣ ቀኙን ለግራ ታጠልቃለች። የጫማዎቹ አፍንጫ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ቁልቁል አየቻቸውና ለማንም ሳይሆን እንዲህ አለች፦

"ተዋቸው፣ ተኳርፈው ነው።"

ሐያሲው ክው አለ።

ይህን ያለችው የእሱ ልጅ ናት። እዚሁ ቤት፣ እዚያ በር ላይ፣ ጫማዋን ሊያስተካክልላት ሲያጎነብስ። የሰሙት እሱና እናቷ ብቻ ናቸው።

ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ እንባዋ ይወርዳል።

"ልጅቷ እንዴት ናት?" አለችው።

"የቷ ልጅ?"

"እዚህ ውስጥ ያለችው።"

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው።

ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ አንገበገበው። ልጅቷ እንቅልፍ ሲመጣባት ጆሮዋን ትጎትታለች፤ መብራት ስታጠፋ መብራቱን "ደህና እደር" ትለዋለች። ሁሉም የእሱ ልጅ አመል ነው። የሐሙሱ ሰውዬ ከሚስቱ አፍ እየለቀመ ድራማ ሠርቶበታል። መከዳቱን እንኳ ምናልባት በጊዜ ብዛት ይችለው ነበር። እሱ ስሟን መጥራት ያቃተውን ልጅ ለባዳ አሳልፋ መስጠቷን ግን አልቻለውም።

የመጨረሻውን ዲቪዲ ሳያይ ብዕሩን አነሣ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ጽሑፉን የምትተይብለት ሚስቱ ናት፤ የእሱን የእጅ ጽሑፍ ከእሷ በቀር የሚያነብ የለም። ወረቀቱን ሰጥቷት፣ ሰውዬው ሲሰደብ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ሊያይ አጠገቧ ቆመ። ጣቶቿ ቶሎ ቶሎ ሲሄዱ ቆይተው መጨረሻው ላይ ቀጥ አሉ። እዚያ ያለውን ጮክ ብላ አነበበችው፦

"ይህን የጻፈ ሰው ልጅ ወልዶ አያውቅም፤ ቀብሮም አያውቅም። የሰው ሐዘን ሰርቆ የሚሸጥ ነው።"

"ይቅር እንዴ?" አላት። እንድትለምነው ፈልጓል።

"የምታምንበት ከሆነ ለምን ይቀራል?"

"አምንበታለሁ።"

ተየበችው፤ ለጋዜጣው ላከችው። ከዚያ ተነሥታ ሹራቧን ደረበችና እጇን ዘረጋችለት። የልጃቸውን ክፍል ቁልፍ ነው የጠየቀችው። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰጣት። ገብታ ብዙም አልቆየችም፤ ትንንሾቹን ጫማዎች ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች። የውጭውን በር ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች። ቀኑ ሐሙስ አልነበረም።

ወደ ሰውዬው እንደሄደች አልተጠራጠረም። ስሙን አውቆ፣ ቤቱን አጠያይቆ፣ ደጁ ድረስ ሄዶ ሊያንቀው ቆረጠ። ካርቶኑን አነሣ። ወረቀቱ እንደሌላ ጊዜው ዝም ብሎ የተጠቀለለ አልነበረም፤ ዙሪያውን በሙጫ ተለጥፏል። በጥፍሩ እየፋቀ ቀደደው።

ከርዕሱ ሥር "ደራሲ" ይላል፤ አጠገቡ የተጻፈው የሚስቱ ስም ነበር።